ድምፅ ሳያሰማ የሚበላሽ ፋይል፦ የአባቴን ካሴቶች በዜድኤፍኤስ ስጠብቅ ያገኘሁት ተሞክሮ

አባቴ በ1970ዎቹ እዚሁ ጎንደር ከየኔታቸው ዘንድ አቋቋም ሲማሩ፣ ከዘመድ በተዋሷት አነስተኛ ቴፕ የመምህራቸውን ድምፅ በ68 ካሴቶች ቀድተው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ጥራታቸው እንዳይቀንስ ሳይጨመቁ በዌቭ ፋይል ስላስቀመጥኳቸው፣ አንዱ የ90 ደቂቃ ካሴት 950 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ሁሉንም ራሴ በገጠምኩት የዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ በነበረ ሃርድ ዲስክ ላይ ካኖርኩ በኋላ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አደረግሁ፤ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባም ሁለተኛውን ዲስክ ከመጀመሪያው እንደገና እየገለበጥኩ አድሰው ነበር። ባክአፕ አለኝ ብዬ ሙሉ በሙሉ ተማምኜ ኖርኩ።

ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. የቁስቋም ዋዜማ ማታ፣ አባቴ የበዓሉን ማኅሌት መስማት ፈልገው ካሴት ቁጥር 17ን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ እየመቱ ሲከተሉ ቆዩ። 11ኛው ደቂቃ ላይ የየኔታ ድምፅ በድንገት ተቆረጠና፣ የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ ንጫጫታ መጣ፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ዜማው ከዚያ ወዲያ ካለው ቀጠለ። መቋሚያቸው እንደተነሣ ቀረ። «ይኸ ምንድን ነው ልጄ? ካሴቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አሉኝ። ሁለተኛውን ዲስክ አምጥቼ ሰካሁት፤ እዚያም በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ሰከንድ፣ ያው ንጫጫታ አለ። ወደ ካሴቱ እንዳልመለስ ደግሞ ከገለበጥኩት በኋላ ቴፑ ክሩን በልቶት ተበጣጥሷል። አባቴ የጎደለውን ስፍራ ወዲያው በቃላቸው አዜሙት፤ ስለዚህ ቃሉም ዜማውም አልጠፋም። የጠፋው የየኔታ ድምፅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይህን የምጽፈው በቤቱ የማይተካ ፎቶ፣ ቪዲዮ ወይም ድምፅ የያዘ ሰው ሁሉ እኔ ዘግይቼ የተረዳሁትን ነገር፣ መፍትሔ ያገኘሁበትን ዜድኤፍኤስ የተባለውን የዲስክ አሠራርም፣ ቀድሞ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነበር። የፋይሉ ስም፣ መጠኑና ቀኑ እንደነበሩ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም ያለ አንዳች ችግር ይከፍተዋል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰከንድ ድምፅ 176,400 ባይት ስለሆነ፣ ከ950 ሚሊዮን ባይት ውስጥ የተበላሸው 350 ሺህ ያህሉ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ካልሰማው በቀር የሚያውቀው የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት ሜሞሪ ውስጥ አንዲት ቢት (የዳታ ትንሿ ክፍል፣ 0 ወይም 1) ስትገለበጥ፣ ኬብል ሲላላ፣ በዲስኩና በዩኤስቢው መካከል ያለው ቺፕ ሲሳሳት ወይም ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋ ሊመጣ ይችላል። የእኔ መቼ እንደደረሰ ለይቼ አላወቅሁም። ያወቅሁት፣ በአንዱ ጳጉሜን ጤነኛውን ቅጂ በታመመው ተክቼ ባክአፕ አደስኩ ብዬ መተኛቴን ነው።

ነገሩን ስመረምር የደረስኩበት የችግሩ ሥር ፋይል ሲስተም ላይ ነበር። ፋይል ሲስተም ማለት ዲስክ ላይ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚመዘግበው አሠራር ሲሆን፣ ፍላሽ ፎርማት ስናደርግ ፋት32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ከሚሉት አንዱን የምንመርጠው እሱን ነው። አብዛኞቻችን ስለ እሱ የምናውቀው ፋት32 ከ4 ጊጋባይት ያለፈ ፊልም አልቀበልም ማለቱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 የዊንዶውስ አማራጭ ለሆነው ለሊኑክስ የደረሰው ኢኤክስቲ4 ጆርናል የሚባል መዝገብ ስላላቸው፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ የራሳቸውን ማውጫ መልሰው ያስተካክላሉ። ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ በተለመደው አጠቃቀም የሚጠብቀው ማውጫውን እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። ዛሬ ከዲስኩ የተነበበው ይዘት ያን ጊዜ የተጻፈው ራሱ መሆኑን የሚያመሳክሩበት ነገር ስለሌላቸው፣ ዲስኩ የሰጣቸውን ሁሉ እንደተቀበሉት ለእኛ ያስተላልፋሉ።

ዜድኤፍኤስ ዲስኩን እንዲህ አያምነውም። ይህን ፋይል ሲስተም ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ መሥራት ጀመሩ፤ ኮዱ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ኦራክል የተባለው ኩባንያ ሰንን በ2010 ከጠቀለለ በኋላም ሥራውን በነፃ ሶፍትዌርነት የቀጠሉት ባለሙያዎች በ2013 ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። ኡቡንቱ ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት እትም 16.04 ጀምሮ ማንም ሰው በነፃ ሊጭነው ይችላል። ለእያንዳንዱ የዳታ ብሎክ፣ ማለትም ፋይሉ ተከፋፍሎ ለሚቀመጥበት ቁራጭ፣ ቼክሰም የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል፤ ይህንንም ቁጥር ከብሎኩ ጎን ሳይሆን ወደ ብሎኩ ከሚጠቁመው ከበላዩ ካለው ብሎክ ጋር ያስቀምጠዋል። ብሎኩ በተነበበ ቁጥር ሒሳቡ እንደገና ይሠራል፤ ካልተገጣጠመ ዜድኤፍኤስ ብሎኩ እንደተበላሸ ያውቃል። ሁለት ዲስኮች በሚረር፣ ማለትም አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ፣ ተጣምረው ከሆነ ደግሞ ጤነኛውን ከሁለተኛው ዲስክ አንብቦ ይሰጥሃል፣ የተበላሸውንም ወዲያው በጤነኛው ያርመዋል።

ሁለተኛው ጠባዩ አጻጻፉ ነው። የአገራችን ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ፊደሉን በምላጭ ፍቆ በዚያው ስፍራ ላይ ይጽፋል፤ ከፋቀ በኋላ ሳይጽፍ ቢቋረጥ አሮጌውም አዲሱም የለም። የተለመደው ፋይል ሲስተም የፋይል ይዘት ሲለወጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዜድኤፍኤስ ግን ፈጽሞ አይፍቅም፤ አዲሱን ባዶ ስፍራ ላይ ጽፎ፣ መጻፉን ከጨረሰ በኋላ ብቻ ማውጫውን ወደ አዲሱ ያዞራል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አሮጌው ሳይነካ በስፍራው አለ። እንደ ጎንደር መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ አንድ ጠባዩ ብቻ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሊያመልጥህ የሚችለው ገና ዲስክ ላይ ያልሰፈረው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሥራ ነው፤ በተለመደው አሠራሩ የተጠራቀመውን ቢበዛ በየ5 ሰከንዱ ያሰፍራልና። ቀድሞ ከእያንዳንዱ የመብራት መጥፋት በኋላ ዊንዶውስ ዲስኩን ልፈትሽ እያለ ሲያስጠብቀኝ የነበረው ረጅም ሰዓትም ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ገዝቻለሁ፤ ፋይል ሲስተሙ ዳታውን እንጂ የዲስኩን ሞተር ከመብራት መዋዠቅ አያድነውም።

ይህ ለባንክና ለዩኒቨርሲቲ እንጂ ለቤት ምን ያደርጋል ያሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ለቤት ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በትልቅ መሥሪያ ቤት ያለ ፋይል በየቀኑ የሚከፍተው ሰው፣ የሚከታተለው ባለሙያና በየቦታው የተበተነ ቅጂ አለው። የእኛ የሠርግ ቪዲዮና የሟች ዘመድ ድምፅ ግን አሥር ዓመት ሳይከፈት ይቀመጣል፤ የተከፈተ ዕለት ሳይበላሽ መገኘቱን የሚያረጋግጥልን ማንም የለም።

በ2015 ዓ.ም. ሥራውን የጀመርኩት ቤት ውስጥ በነበረ አሮጌ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነው። ለእያንዳንዱ ቴራባይት አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ የግድ ነው የሚለውን ወሬ ሰምቼ ሰግቼ ነበር፤ ፋይል ለማስቀመጥና በቤት ውስጥ ለመክፈት ግን ይህ ሜሞሪ እስከ ዛሬ አላነሰኝም። ሜሞሪ አብዝቶ የሚበላው ተመሳሳይ ብሎኮችን ፈልጎ አንድ የሚያደርገው ዲዱፕሊኬሽን ስለሆነ፣ እሱን አትንኩት። ስህተቱን ራሱ የሚያርመው ኢሲሲ የተባለው ሜሞሪ ቢገኝ መልካም ነው፤ እሱ እስኪገኝ ተብሎ ግን ሥራው ሊቆይ አይገባም።

የካሴቶቹ፣ የቤተሰቡ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ድምር 900 ጊጋባይት ስለደረሰ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች መረጥኩ። አንዱን እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ ገዛሁ፤ ሁለተኛውን ሆን ብዬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ በአንድ ቀን የተመረቱ ዲስኮች በአንድ ሰሞን አብረው ሊደክሙ ይችላሉ ከሚል ጥንቃቄ ነው። ዲስክ ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ዲስኩ ስማርት የሚባለውን የራሱን መዝገብ ስለሚይዝ ስንት ሰዓት እንደሠራ ከዚያ አንብቡ፤ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ኤስኤምአር ከሚባለው ዓይነት ራቁ። በዚህ ዓይነቱ ዲስክ ላይ የዳታው መስመሮች እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ስለሚደራረቡ አንዱን ለመለወጥ ጎረቤቶቹንም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ በዚህም ምክንያት የተበላሸ ዲስክ ተክታችሁ ዜድኤፍኤስ ዳታውን መልሶ ሲሞላ ሥራው ከመጠን በላይ ይጓተታል።

እዚህ ላይ የፈጸምኩትን ስህተት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ጀማሪ ይወድቅበታልና። ሁለተኛው ዲስክ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ስለፈጀ፣ ፑል የሚባለውን የዲስኮች ስብስብ በአንዱ ዲስክ ብቻ ጀመርኩት። ሁለተኛው ሲመጣ ‹አታች› የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ሲገባኝ ‹አድ› የሚለውን ጻፍኩ። ሁለቱም በአማርኛ ‹ጨምር› ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ‹አታች› አዲሱን ዲስክ የነባሩ ግልባጭ ያደርገዋል፤ ‹አድ› ግን ቦታ ማስፊያ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ዳታ ለሁለቱ ስለሚከፋፈል፣ አንዱ ዲስክ ከሞተ ፑሉ በሙሉ ይሞታል። ነባሩም አንድ ዲስክ፣ አዲሱም አንድ ዲስክ ስለነበሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠኝም። ያወቅሁት የቦታው መጠን በእጥፍ አድጎ ሳየው ነው፤ ሚረር ቢሆን ኖሮ መጠኑ ባልጨመረ ነበር። ደግነቱ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡት የኦፕንዜድኤፍኤስ እትሞች ‹ሪሙቭ› የሚለው ትእዛዝ የዚህን ዓይነቱን ዲስክ ዳታ ወደ ሌላው አሽሽቶ ስለሚያወጣው፣ አውጥቼ በ‹አታች› መልሼ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠቴ በፊት የፑሉን ሁኔታ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከሰጠሁ በኋላም ‹ዜድፑል ስታተስ› ብዬ አመሳክራለሁ።

ስክራብ የሚባለው ሥራ ደግሞ ዲስኮቹ ላይ ያለውን ዳታ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር የሚያመሳክር ነው፤ እኔ በወር አንድ ጊዜ ማታ አስጀምረዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ ላይ፣ ውጤቱን ስከፍት ከሁለቱ ዲስኮች ትይዩ ሦስት ዓምዶች አየሁ፤ የማንበብ ስህተት፣ የመጻፍ ስህተት፣ የቼክሰም ስህተት። የመጀመሪያው ዲስክ ሦስቱም ዜሮ ነበር። ሁለተኛው ዜሮ፣ ዜሮ፣ 37 ይላል። ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ደግሞ የታወቀ የዳታ ስህተት የለም ተብሏል፤ ማለትም 37ቱንም ከመጀመሪያው ዲስክ አርሟቸዋል። ዲስኩ አነበብኩ ብሎ ያለ ቅሬታ የሰጠው ዳታ ስህተት እንደነበረ የነገረኝ ቼክሰሙ ብቻ ነው።

ዴስክቶፑ ውስጥ አንድ የዲስክ መሰኪያ ብቻ ነፃ ስለነበር ሁለተኛውን ዲስክ በዚያው በድሮው የዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ነበር የሰካሁት። የሲዲ ማጫወቻውን ነቅዬ መሰኪያውን ለዲስኩ ሰጠሁት፤ የስህተቱን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መልሼ ስክራቡን ደገምኩት፤ ሦስቱም ዜሮ መጡ። በቀጣዩ ወርም ዜሮ፤ ከዚያም በኋላ ዜሮ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የሳጥኑ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ካሴቶቹን የገለበጥኩበት ዲስክ የነበረው በዚሁ ሳጥን ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የካሴት ቁጥር 17ን ጉዳት ያደረሰው እሱ ነው ብዬ መማል ባልችልም፣ ሳጥኑን ዳግመኛ ማንም እንዳይጠቀምበት ሰብሬ ጥዬዋለሁ። ስለዚህ የቼክሰም ስህተት ስታዩ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ኬብሉን፣ መሰኪያውንና የኤሌክትሪክ ምንጩን ፈትሹ።

ስናፕሾት የሚባለው አገልግሎት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የፋይሎቹን የአንድ ቅጽበት መልክ ይይዛል፤ አሮጌው ስለማይፋቅም ሲወሰድ ጊዜም ቦታም አይጠይቅም። በየሌሊቱ አንድ ይወሰዳል፤ የ30 ቀን አስቀምጣለሁ። የእህቴ ልጅ የወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ ለስልኳ እንዲሆናት ቆርጣ ሦስት ደቂቃ ብቻ አስቀርታ በዋናው ላይ ሴቭ ያደረገችበት ቀን፣ የትናንቱን ስናፕሾት ከፍቼ ፋይሉን መልሼ ስገለብጠው ለቅሶዋ ገና አላበቃም ነበር። ስናፕሾት ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት ስለማይችል፣ በቤቱ ኔትወርክ ከተያያዘ ላፕቶፕ የመጣ ቫይረስም አያገኘውም። ግር ሊላችሁ የሚችለው ቦታ ለማስለቀቅ ስትፈልጉ ነው፤ 200 ጊጋባይት ፊልም ሰርዤ ነፃው ቦታ አንድም ሳይጨምር የቀረው፣ አሮጌዎቹ ስናፕሾቶች ፊልሞቹን አሁንም ይዘዋቸው ስለነበር ነው። ቦታው የተለቀቀው እነዚያ ስናፕሾቶች ሲሰረዙ ነው። ፑሉም ጢም ብሎ ሲሞላ ሥራው ስለሚንቀራፈፍ፣ ከመቶ 80 እጅ ሳያልፍ ማስፋት ይሻላል።

ሚረር ባክአፕ አይደለም። ሌባ፣ እሳት ወይም የክረምት መብረቅ ሁለቱንም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ አዘዞ በወንድሜ ቤት ይቀመጣል፤ በወር አንድ ጊዜ በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ አመጣውና፣ ‹ሴንድ› በሚባለው ትእዛዝ ካለፈው ወር ስናፕሾት ወዲህ የተለወጠውን ብቻ እልክበታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይጠጣ ያልቃል። በሁለቱም ወገን ቼክሰሙ ስለሚመሳከር፣ ቀድሞ በየጳጉሜኑ ሳላውቅ አደርገው እንደነበረው የታመመ ፋይል በጤነኛው ላይ የመገልበጡ ስጋት ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ሰው ይመቻል አልልም። ዊንዶውስ ዜድኤፍኤስን እንደወረደ አያነበውም፤ ዲስኩን ነቅሎ ጎረቤት ቤት ማጫወት አይቻልም። እኔ ፋይሎቹን ለቤቱ ሰው የማካፍለው ሳምባ በተባለው ሶፍትዌር በኔትወርክ ነው፤ ለሰው የምሰጠውን ደግሞ ኤክስፋት በሆነ ፍላሽ እሰጣለሁ። ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ብቻ የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሊኑክስ እምብርት (ከርነል) ውስጥ ያለውን ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም ቢመርጥ ይቀለዋል፤ ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2020 ወዲህ ለዴስክቶፕ የሚጭነው እሱን ነው፤ ቼክሰምም ስናፕሾትም አለው። ልብ በሉ፣ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱም ቢሆኑ ይህ ፋይል ተበላሽቷል ብለው ይነግሯችኋል እንጂ ከየት አምጥተው ይጠግኑታል? ዜድኤፍኤስ ላይ እያንዳንዱን ብሎክ በአንዱ ዲስክ ሁለት ቦታ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህም ቦታውን በግማሽ ቀንሶ ከተበላሸ ስፍራ ያድናል፤ ከዲስኩ ሞት ግን አያድንም። ማክ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የመጣው ኤፒኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ቼክሰም የሚያደርገው ለማውጫው እንጂ ለፋይላችሁ ይዘት እንዳልሆነ እወቁ።

ዊንዶውስና አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ብቻ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ሴቨን ዚፕ የተባለውን ሶፍትዌር ጭናችሁ ፋይሉ ላይ በቀኝ በኩል ክሊክ ስታደርጉ ኤስኤችኤ256 የተባለውን ቁጥር ያሰላላችኋል፤ ያንን ከፋይሉ ስም ጋር መዝግባችሁ በሌላ ቦታ አኑሩት፤ ባክአፕ ከማደሳችሁ በፊትም ቁጥሩ አለመለወጡን አመሳክሩ። ድምፅ ከሆነ ደግሞ ፍላክ ወደተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ቀይሩት፤ ፍላክ ጥራቱን ሳይቀንስ መጠኑን ከማሳነሱም በላይ የድምፁን ማረጋገጫ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ይይዛል። እኔም ካሴቶቹን አሁን በፍላክ ነው ያስቀመጥኳቸው።

አንድ ነገር ግን ዜድኤፍኤስ ሊያደርግልኝ አልቻለም። ካሴት ቁጥር 17ን ወደ ፑሉ ሳስገባው ተበላሽቶ ስለነበር፣ ያንን የሁለት ሰከንድ ንጫጫታ ትክክለኛ ነው ብሎ ተቀብሎ፣ ቼክሰም ሰጥቶ በታማኝነት እየጠበቀው ነው። በዚህም ምክንያት የቀሩትን ካሴቶች ሳይሰሙ አላስገባቸውም። አባቴ ማታ ማታ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያደምጡታል፤ «ደህና ነው» ሲሉኝ ስናፕሾት እወስዳለሁ። እስካሁን 43ቱን ሰምተናል፤ በ29ኛው ላይ ሌላ አጭር ቁራጭ ተበላሽቶ አግኝተናል፤ የእሱ ካሴት ግን ክሩ ደህና ስለነበር እንደገና ገልብጠነዋል።